የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፈረስ ለመጫን የትኛው ተሳቢ ይሻላል?

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

ውድ አዘጋጆች፣ ሁለት ፈረሶች አሉን። አንዱ ኳርተር ሆርስ የሚባለው አጠር ያለ ዝርያ ነው፤ ሌላዋ ቁመቷ 16 ሃንድ (163 ሳንቲ ሜትር ገደማ) የሆነ፣ ቶሮብሬድ ከሚባለው ረጅም የእሽቅድምድም ዝርያ የሆነች ባዝራ ናት። እስከ ዛሬ ወደ ሐኪም ስንወስዳቸው የሰው ተሳቢ እየተከራየን ነበር። አሁን ያገለገለ ባለሁለት ፈረስ ተሳቢ ልንገዛ አስበናል። መኪናችን የ2018 ቶዮታ ፎርራነር ነው። ሻጩ «ያለ ችግር ይጎትተዋል» ይለናል። ፈረሶቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙበት ይሻላል ወይስ ሰያፍ የሚቆሙበት?

መልስ

ቀጥታና ሰያፉን ትንሽ ያቆዩትና መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። መኪናዎ እንዲጎትት የተፈቀደለት ትልቁ ክብደት 5,000 ፓውንድ ነው። ሻንሲው ብረት የሆነ፣ ፊት ለፊቱ የኮርቻ ማስቀመጫ ክፍል ያለው ባለሁለት ፈረስ ተሳቢ ባዶውን 2,900 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናል፤ ከዚህ የሚከብድም ሞልቷል። ሁለቱ ፈረሶች እያንዳንዳቸው 1,100 ቢሆኑ 2,200 ይመጣል። ኮርቻው፣ ድርቆሹና ውኃው ሌላ 200። ድምሩ 5,300 ፓውንድ ነው። ገና ከግቢ ሳይወጡ ከልኩ አልፈዋል።

መጎተቱንማ ይጎትተዋል፤ ሻጩ አልዋሸም። ጉዱ የሚታየው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ፣ ወይም ትልቅ የጭነት መኪና ከጎን በፍጥነት ሲያልፍ ነው። ፈረስ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት በተቀመጠበት አይቆይም። ክብደቱ ያለው ከፍ ብሎ ነው፤ ይረግጣል፣ ይገፋል፣ መታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ጎን ይደገፋል። አጭርና ቀላል መኪና ከኋላው እንዲህ ያለ ጭነት መወዛወዝ ከጀመረ መልሶ ማረጋጋት ከባድ ነው። ስለዚህ የምንመክረው፣ የተጫነው ተሳቢ ከመኪናው የመጎተት አቅም 80 በመቶ እንዳያልፍ ነው። በእርስዎ ጭነት ሲሰላ ቢያንስ 6,700 ፓውንድ የሚጎትት መኪና ያስፈልጋል። ፎርራነሩን አንለቅም ካላችሁ ባዶው ከ2,500 ፓውንድ የማይበልጥ ቀለል ያለ ተሳቢ ፈልጉና አንድ ፈረስ ብቻ ጫኑበት። አንድ ፈረስ ሲጫን ቦታው በሾፌሩ በኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ግራው ነው፤ አስፋልቱ ወደ ቀኙ ጠርዝ ስለሚያዘነብል፣ ክብደቱ በቀኝ ከሆነ ተሳቢውን ወደ ዳር ይጎትተዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ቁጥር አለ። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ መኪናው ሰውና ዕቃ ምን ያህል እንደሚሸከም ይናገራል። የተሳቢው አንገት (ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊቱ ጫፍ) ጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ካነሰ ተሳቢው ኋላውን ያወዛውዛል፤ ከበዛ የመኪናው ፊት ይነሣና መሪው ይቀላል። በ5,300 ፓውንድ ሲሰላ ከ530 እስከ 800 ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከተሳፋሪዎቹ ክብደት ጋር ተደምሮ በዚያ ወረቀት ልክ ውስጥ መግባት አለበት። አራት ሰው ከተሳፈረ ቦታው ቶሎ ያልቃል።

የጋንቾውን ኳስ በዓይን ገምተው አይለፉት። የባለሁለት ፈረስ ተሳቢ አንገት ብዙ ጊዜ የተሠራው ለ2 እና 5/16 ኢንች ኳስ ነው። 2 ኢንች ኳስ ላይም ቢያስቀምጡት ይቀመጣል፣ መቆለፊያውም ይዘጋል፣ ግቢ ውስጥም ይዞር ይሆናል። መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲመታ ግን ወደ ላይ ዘሎ ይወጣል። መጠኑ ኳሱ አናት ላይ ተቀርጿል፤ አንብቡት። ከቆለፉ በኋላ የተሳቢውን ክሪክ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ተያይዟል ማለት ነው። ሰንሰለቶቹን ከአንገቱ ሥር አጣምረው ያያይዙ፤ አንገቱ ቢወልቅ አስፋልት ላይ ከመውደቁ በፊት እነሱ ይይዙታል።

ብዙ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ ለሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መኪናው ውስጥ መቆጣጠሪያ መገጠም አለበት፤ ያለ መቆጣጠሪያ የተሳቢው ፍሬን የለም ማለት ነው። ሲሞክሩት በሰዓት 20 ማይል እየነዱ የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ዘንግ ብቻ ይግፉ። ተሳቢው መኪናውን ወደ ኋላ ሲይዘው ሊሰማዎ ይገባል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። በቀጥታው ተሳቢ እያንዳንዱ ፈረስ በራሱ በር ይገባል፤ አንዱ ቢታመም ሌላውን ሳይነኩ ያወርዱታል። በሰያፉ መጀመሪያ የገባው የሚወጣው መጨረሻ ነው። ከዚህም በላይ ስፋቱ 6 ጫማ የሆነ ሰያፍ ተሳቢ ለረጅም ፈረስ ይጠበዋል፤ አፍንጫው ከአንዱ ግድግዳ፣ ቂጡ ከሌላው ይጋጫል። ለኳርተር ሆርሱ ችግር የለውም፤ ለባዝራዋ ግን ቀጥታውን፣ የውስጥ ቁመቱም 7 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነውን እንመርጣለን። መካከል ላይ ያለው መለያያ እስከ ወለሉ የሚደርስ ከሆነ አይውሰዱት። ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሮቹን ከፍቶ ነው፤ እግር መክፈቻ ሲያጣ ግድግዳውን መራገጥና መውጣት ይጀምራል። ሰው «አመለኛ» የሚለው ፈረስ አንዳንዴ ቦታ ያጣ ፈረስ ነው።

ጥያቄ (ከቴክሳስ፣ አሜሪካ)

ያገለገለ ተሳቢ ለማየት ልሄድ ነው። ቀለሙን አይቼ እንዳልሸወድ ምን ልመልከት?

መልስ

ቀለሙን አይዩት። ጠፍጣፋ መፍቻ (ካቻቪቴ) እና የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። የወለሉን ጎማ ምንጣፍ ሙሉ በሙሉ ያስነሡ፤ ሻጩ «ከባድ ነው፣ ደህና ነው» ካለ ራሱ መልስ ነው። ሽንት ከምንጣፉ ሥር ገብቶ ስለሚታቆር ወለሉ የሚበሰብሰው ከላይ ሲያዩት ደህና መስሎ ነው። ጣውላውን በመፍቻው ጫፍ ይውጉት፤ በተለይ ፈረሶቹ የኋላ እግራቸውን በሚያሳርፉበት፣ በግድግዳው ጥግና በበሩ ደፍ ላይ። ጤነኛ እንጨት መፍቻውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው ያስገባዋል። ከዚያ ከሥር ገብተው ጣውላውን የተሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች ይዩ። ላይ ላዩን የዛገ ይቦረሻል፣ ይቀባል። በመፍቻ ሲመታ እየተላጠ የሚረግፍ ከሆነ ግን ትተውት ይሂዱ። ከፈረስ ሥር የሚረገፍ ወለል ፈረሱን እየሄደ ባለ አስፋልት ላይ ነው የሚጥለው፤ በዚህ ጉዳይ የዋጋ ቅናሽ የሚባል ነገር የለም።

የአሉሚኒየም ወለል አይበሰብስም የሚሉ አሉ። አይበሰብስም፤ ሽንቱ ግን ይበላዋል። ነጭ ዱቄትና ትንንሽ ጉድጓዶች ካዩ ተበልቷል። አሉሚኒየሙ ከብረት ሻንሲ ጋር በሚገናኝበት ቦታም ሁለቱ ተነካክተው ይበላላሉና መጋጠሚያውን ይዩ።

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አይመኑት። የተሳቢ ጎማ የሚሞተው በሥራ ሳይሆን በዕድሜ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሰነጣጠቃል። ጎማው ጎን ላይ «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ5 ወይም 6 ዓመት በላይ ከሆነ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከግዢው ላይ ይቀንሱ፤ ስኮርታውንም ጭምር። ብዙ የተሳቢ ጎማ የተሠራው በሰዓት እስከ 65 ማይል ለሚደርስ ፍጥነት ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ ሁሉም ሰው 75 ሲነዳ ይህን መርሳት ቀላል ነው።

እያንዳንዱን ቸርኬ በክሪክ አንሥተው ላይና ታቹን ይዘው ያነቃንቁት፣ ከዚያም ያሽከርክሩት። ከላላ ወይም ካንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ በዓመት አንዴ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ግራሶ ሊሞላለት ይገባል። ሲደርቅ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ቸርኬውን ይዞ እስከ መውለቅ ይደርሳል። ተሳቢው ከመኪናው ቢነጠል በራሱ ፍሬን የሚይዘውን ሽቦም ይሞክሩ፦ ፒኑን ሲነቅሉት ጎማዎቹ መታሰር አለባቸው። ካልታሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ትንሿ ባትሪ ሞታለች፤ እሷ ርካሽ ነች።

ገዝተው ከግዛት ወደ ግዛት ፈረስ የሚያሻግሩ ከሆነ በአብዛኛው ሁለት ወረቀት ይጠየቃሉ። አንዱ ኮጊንስ የሚባለው፣ የፈረስ ተላላፊ የደም ማነስ በሽታን የሚያጣራ የደም ምርመራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ለ12 ወር ይሠራል። ሌላው በ30 ቀን ውስጥ የተሰጠ የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ ነው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን)

ልጄ ፖኒ መጋለብ ጀምራለች፤ ወደ ውድድር የሚወስድ ተሳቢ ልንገዛ ነው። ያለኝ ተራ የቢ መንጃ ፈቃድ ነው። ይበቃኛል?

መልስ

በጀርመን ቢ ፈቃድ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የሚያስጎትተው፣ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ ካልበለጠ ብቻ ነው። ልብ ይበሉ፤ የሚታየው ወረቀቱ ላይ የተፈቀደው ልክ ነው፣ በዕለቱ የጫኑት አይደለም። ባዶ ተሳቢ ቢጎትቱም ሒሳቡ ያው ነው። የመኪናዎ 1,900፣ የተሳቢው 2,000 ቢሆን 3,900 ነውና ቢ አይበቃም። ቁጥር 96 የሚባለውን ቢያስጨምሩ ግን እስከ 4,250 ኪሎ ይፈቀድልዎታል። እሱ ፈተና የለውም፤ ቢያንስ 7 ሰዓት ሥልጠና ብቻ ነው። ለአንድ ፖኒ ቤተሰብ በቂ ነው ብለን እናምናለን። ከዚያ በላይ ቢኢ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእሱ እስከ 3,500 ኪሎ የሆነ ተሳቢ ይጎተታል።

ከመግዛትዎ በፊት የመኪናውን የምዝገባ ወረቀት ያውጡ። ኦ.1 በሚለው መስመር ፍሬን ያለው ተሳቢ የመጎተት አቅሙ፣ በ13 ቁጥር ደግሞ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት አለ። ተሳቢውም የራሱ ልክ አለው፤ ከሁለቱ አነስተኛው ነው የሚያዘው። ፍጥነቱ በመደበኛው 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ለ100 የተፈቀደለት ምልክት ያለው ተሳቢ ጎማው ከ6 ዓመት በታች ካልሆነ ፈቃዱ አያገለግልም። ለስፖርት ፈረስ ብቻ የሚያገለግል ተሳቢ ከግብር ነጻ ሆኖ አረንጓዴ ሰሌዳ ሊያወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ሶፋና ፍሪጅ ማመላለሻ ማድረግ የለም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ፈረሳችን ወደ መኪና አልወጣም ይላል። በጅራፍ እየተመታ ነው የሚጫነው። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ

ጅራፉ ለዛሬ ያወጣዋል፤ ለነገ ያስፈራዋል። መጀመሪያ ውስጡን ከፈረሱ ቁመት ይዩት። ከፀሐይ ሲመለከቱት ጨለማ ዋሻ ከሆነ የፊት መስኮቱን ወይም ሸራውን ይክፈቱ፣ ውስጡን ነጭ ቀለም ይቀቡት። መወጣጫው ሲረገጥ የሚወዛወዝ ወይም ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ጣውላ ያስገቡ፣ ላዩን ሰጋቱራ ይበትኑበት። ከዚያ ለጥቂት ቀን ሞተሩ ሳይነሣ እዚያው ድርቆሽ ያብሉት። አንድ እግሩን ካሳረፈ ያቁሙት፣ ይሸልሙት፣ ይመልሱት።

የማሰሩ ቅደም ተከተል ከሁሉ ይበልጣል። ሲጫን መጀመሪያ የኋላው ማገጃ ብረት ይዘጋል፣ ቀጥሎ የጭንቅላቱ ገመድ ይታሰራል። ሲወርድ መጀመሪያ የጭንቅላቱ ገመድ ይፈታል፣ ቀጥሎ ማገጃው ይከፈታል። ተገልብጦ ከተሠራ፣ ፈረሱ ኋላው ክፍት መሆኑ ይሰማውና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ገመዱ ጭንቅላቱን ሲይዘው ይደነግጣል፣ በኋላ እግሮቹ ይቆማል፣ አናቱን ጣሪያ ይመታዋል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)

ከአዊ ሁለት ፈረስ ገዝቻለሁ፤ እንጅባራ ናቸው። ለማምጣት አይሱዙ ልከራይ ወይስ ጋራዥ ውስጥ ለሃይሉክሴ ተሳቢ ላሠራ? ወደፊት ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል መመለስም እፈልጋለሁ።

መልስ

ለዚህ ጉዞ አይሱዙ። ብየዳ ቤት የሚሠራው ተሳቢ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና የወጣ አንድ አክስልና ባሌስትራ ላይ ይቀመጣል፣ ፍሬን የለውም። ድንች ይጭናል፤ ፈረስ ግን አይጫንበትም። የዓባይ በረሃን አስቡት። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ሙሉ ክብደቱን በሃይሉክሱ ፍሬን ላይ ይጥላል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ፔዳሉን ቢረግጡት አይዝም። ማሠራቱ የግድ ከሆነ ሁለት አክስል፣ የራሱ ፍሬን፣ በየ40 ሳንቲ ሜትር አግዳሚ ብረት፣ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ያስፈልገዋል። የራሱ ሰሌዳና ቦሎም እንዲሁ።

የደጋው ፈረስ ቀላል ነው። ክብደቱን በሜትር መገመት ይቻላል፦ የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሩ ኋላ ለክተው በራሱ ያባዙ፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ባለው ርዝመት ያባዙ፣ ለ11,880 ያካፍሉ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 130 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 230 ኪሎ ይመጣል። ሁለቱ ለአይሱዙ ኤንፒአር ምንም አይደሉም፤ ችግሩ ክብደት ሳይሆን አቋቋም ነው።

ስፖንዳው ዝቅተኛ ነውና ላዩ ላይ የብረት ወይም የአጣና አጥር ከፍ ተደርጎ ይታሰር። ሸራ የሚጣልበት ከሆነ ከፈረሱ ጀርባ በላይ ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ይቅር፤ ጀርባው 135 ቢሆን ጣሪያው 210 መሆን አለበት። የላሜራ ወለል ሽንት ሲነካው ያንሸራትታል። ጭድ ብቻ መጎዝጎዝም ይብሳል፣ ከሰኮናው ሥር ይሸሻል። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ቀጫጭን ጣውላ አግድም ይመቱ፣ በላዩ አሸዋና ሰጋቱራ ቀላቅለው ይጨምሩ። በሁለቱ ፈረሶች መካከል ወፍራም አጣና ደረታቸው ቁመት ላይ ይዘርጉ።

መወጣጫው ከ20 ዲግሪ በላይ እንዳይቆም ይሁን። የመኪናው ወለል 1 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይጠይቃል። ካጡ መኪናውን ወደ ጉብታ ወይም ተረተር ወደ ኋላ አስጠግተው፣ ታኮ አድርገው፣ ከዚያ ያስገቧቸው። ገበያ ላይ የምናየው ከጭነት ላይ ዘሎ እንዲወርድ ማድረግ የፊት እግር ይሰብራል።

ፈረሱን በልጓም አይሰሩት፤ መኪናው ሲነቀነቅ መንጋጋውን ይቆርጠዋል። የአንገት ሸምቀቆም ቢወድቅ ያንቀዋል። የራስ ማሰሪያ ያድርጉለትና ገመዱን በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር አስረዝመው ይሰሩ።

መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአንድ ቀን አይጨርሱት። ደብረ ማርቆስ ያሳድሯቸው። በነጋታው በጠዋት ተነሥተው ፀሐዩ ሳይበረታ በረሃውን ይለፉ፤ ሾፌሩ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ። ቆላው ውስጥ ግን እንዳያድሩ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታስተላልፈው ጥቃቅን ትንኝ የምትነክሰው በምሽትና በሌሊት ነው። ስለ ክትባቱ ከመነሣትዎ ሳምንታት በፊት ሐኪም ያማክሩ። መኪናው ቀደም ሲል የጋሪ ፈረስ ጭኖ ከሆነ በሳሙናና በበረኪና ይታጠብ፣ ይድረቅ። መግል ካለው ቁስል የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ በጋሪ ፈረሶች ላይ ብዙ ነው።

በየ4 ሰዓቱ ቆመው ውኃ ያቅርቡላቸው፤ ከመጀመሪያው ፌርማታ ባይጠጡ አይደንግጡ። በእያንዳንዱ እረፍት ገመዱን አላልተው ራሳቸውን እስከ መሬት ዝቅ እንዲያደርጉ ይተዉአቸው። ፈረስ አንገቱን ሽቅብ ታስሮ ብዙ ሰዓት ሲቆም ከአፍንጫው መውጣት ያለበት ፈሳሽና አቧራ ወደ ሳንባው ይወርዳል፤ ከጉዞ በኋላ የሚመጣው የሳንባ ምች መነሻው ይህ ነው። ሱሉልታ ከደረሱ በኋላ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር ይለኩ። ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም መብላት ካቆሙ፣ ሳል እስኪሰማ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ይጥሩ።